ዶክመንተሪ ላይ የሚሳቅበት ሰው እንደሚሳቅበት ማወቅ የለበትም ወይ? (ጥያቄውና እስካሁን የመጡት መልሶች)

ጥያቄዬን ቶሎ ላስቀምጥ። ዶክመንተሪ ውስጥ ቀልድና ስላቅ ይግባ አይግባ እያልኩ አይደለም፣ ይግባ፣ እንደውም ደረቅ ርዕስ ይዞ ሰውን አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስቀምጠው ብዙ ጊዜ ሳቅ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው። ካሜራ ፊት የተቀመጠው ሰው እሺ ያለው ለመቀረፅ ነው፣ ሳቁ ግን ያኔ አይሠራም፣ ሰውየው ቤቱ ከገባ ከወራት በኋላ ኤዲቲንግ ላይ ነው የሚሠራው። መልሱን ጨርሶ ዝም ሲል ፊቱ ሁለት ሰከንድ ተጨማሪ ይቆያል፣ ከስር ዱብ ዱብ የሚል ሙዚቃ ይገባል፣ ቀጥሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የራሱ ፎቶ ይመጣል፣ በቃ ሰውየው ቂል ሆነ። የተናገረው አንድ ቃል አልተነካም፣ ስለዚህ ዋሻችሁብኝ ብሎ መጮህ እንኳን አይችልም።

ነገሩ ከዶክመንተሪ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ሮበርት ፍላኸርቲ በ1922 ባወጣው ናኑክ ኦፍ ዘ ኖርዝ ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) አንድ የኢኑዊት (በሩቅ ሰሜን በረዷማ አገር የሚኖር ሕዝብ ነው) አዳኝ ነጋዴው ጋ ይሄድና ግራሞፎን ያያል፣ ይገረማል፣ ይስቃል፣ ከዛ ሸክላውን አንስቶ ወደ አፉ ይወስድና ይነክሰዋል። አንዴ ብቻ አይደለም፣ ደጋግሞ። ተመልካቹ ይስቃል፣ ሰውየው ድምፅ ከየት እንደሚወጣ አያውቅማ። ግን ያውቅ ነበር፣ ትዕይንቱ የተቀናበረ ነው።

አቋሜን አልደብቅም። ሥልጣንም ገንዘብም ማይክም የሌለውን ሰው ሳያውቅ መሳቂያ ማድረግ ዓላማው የቱንም ያህል ቢያምር ልክ አይደለም። ባለሥልጣንና ትልቅ ኩባንያ ላይ ከሆነ ሌላ ወሬ ነው። እናንተስ መስመሩን የት ጋ ታሰምሩታላችሁ?

መልሱ ከጠበቅኩት በላይ ስለበዛ አሁን ለምትገቡ በየቁጥሩ ምን እንደተባለ በራሴ አነጋገር አስቀምጬዋለሁ፣ የኔንም ሐሳብ በመሃል በመሃል ጣል አደርጋለሁ።

ቁጥር 1፦ የመጀመሪያዋ መላሽ ሰላምታ አስቀድማ ከሞላ ጎደል ተስማማች። የጨመረችው ነገር ጥሩ ነው። ሰውየው ስሙም ናኑክ አልነበረም፣ አላካሪያላክ ነው፣ ፊልሙ ላይ ሚስቶቹ ተብለው የቀረቡትም ሚስቶቹ አልነበሩም፣ በዛ ዘመን እዛ አካባቢ ጠመንጃ ገብቶ እያለ ፊልሙ የሚያሳየው ግን በጦር ሲያድኑ ነው። እሷ እንደምትለው የሸክላው ቀልድ ለብቻው የመጣ አይደለም፣ ሰውየውን ከዘመኑ ወደኋላ የመግፋቱ ሥራ አንዱ ክፍል ነው፣ ሳቅ ስለሆነ ደግሞ ማንም ሳይጠይቅ ይውጠዋል።

ቁጥር 2፦ ይሄኛው በጨዋነት አረመን። ኢኑዊቶቹ ካሜራ ፊት የተገተሩ የዋሆች አልነበሩም፣ ከፍላኸርቲ ጋር ፊልም አጥበዋል፣ ዕቃ ጠግነዋል፣ ትዕይንቶቹንም አብረው አቅደዋል፣ ስለዚህ አላካሪያላክ ሸክላውን ሲነክስ እየተወነ ነበር፣ ተዋናይን ተበደለ ማለት ራሱ ንቀት ነው የሚል ነው ክርክሩ። ይሄ ከባድ ነጥብ ነው፣ እቀበለዋለሁም፣ ግን እስከ ግማሽ መንገድ ብቻ። እሱ መተወኑን ያውቃል፣ ተመልካቹ ግን አያውቅም፣ ፊልሙ ላይ የሚወጣው ጽሑፍም ትወና ነው አይልም። ከአዳራሹ የሚወጣው ሰው ይዞት የሚሄደው ሸክላ የሚነክስ ሕዝብ አለ የሚለውን ነው። አንድ ሰው ለራሱ እሺ ሊል ይችላል፣ ለወገኑ ሁሉ ግን እሺ ማለት አይችልም።

ቁጥር 3፦ አጭር ናት። ሳቅ ወደ ላይ ከሆነ ችግር የለም፣ ምሳሌውም አሜሪካዊው ዶክመንተሪ ሠሪ ማይክል ሙር ነው የምትል። ሮጀር ኤንድ ሚ (1989) ላይ ሙር የመኪና አምራቹን የጄኔራል ሞተርስን ሊቀመንበር ሮጀር ስሚዝን ለማግኘት ከበር በር ሲመላለስ፣ የጥበቃ ሰው ሲመልሰው፣ የሚሳቀው ኩባንያው ላይ ነው፣ በዛ ሳቅ ምክንያት ነው ፍሊንት የምትባል ከተማ ፋብሪካ ሲዘጋባት ምን እንደደረሰባት ዓለም ያወቀው።

ቁጥር 4፦ 3 ላይ ሁለት እርማት አመጣ፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንደኛ፣ የነገሮቹ ቅደም ተከተል። ሬገን ፍሊንት መጥቶ ሥራ ፈት ከሆኑ ሰራተኞች ጋር የበላው በ1980 ገና ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ሳለ ነው፣ አውቶወርልድ የተባለው የመዝናኛ ቦታ የተከፈተው በ1984 ነው፣ ፊልሙ ሲታይ ግን ሁለቱም ከ1986ቱ ትልቅ የፋብሪካ መዝጋት ውሳኔ በኋላ የመጡ ነው የሚመስለው። ቀልዱ እንዲመታ ጊዜው ተዟዟረ ማለት ነው። ሁለተኛው ለኔ ይብሳል፣ ወደ ላይ ነው የተባለው ሳቅ ወደ ታችም ወርዷል። ጥንቸል የምትሸጥ አንዲት ድሃ ሴት አለች፣ ለማዳ ከፈለጋችሁ ለማዳ፣ ሥጋ ከፈለጋችሁ ሥጋ የሚል ማስታወቂያ የሰቀለች፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚስቀው እሷ ላይ ነው። የኒው ዮርከር ሃያሲዋ ፖሊን ኬል በጊዜው ፊልሙን ክፉኛ የተቸችው በዚህ ነው፣ እያሳቀ ራሷን እንደርካሽ እንድትቆጥር እንዳደረጋት ጽፋለች።

ቁጥር 5፦ እዚህ ጋ ድምፁ ተለወጠ። 5 ቁጥር 4ን ቀን ቆጣሪ ብሎ ነው የጀመረው። ሺዎች ከሥራ ወጥተው ከተማ እየፈረሰ የጥቂት ዓመት ልዩነት ይዞ መነታረክ የኩባንያውን ሥራ መሥራት ነው፣ ትልቁ እውነት ተነግሯል ወይ ነው ጥያቄው፣ ተነግሯል፣ አበቃ። ስሜቱ ይገባኛል፣ ግን ትልቅ እውነት ያለው ሰው ትንሿን ውሸት ለምን ይፈልጋታል? እሷ ስትያዝ ትልቁን ይዛው ነው የምትወድቀው። ተቺዎቹ ስለ ፍሊንት ከማውራት ስለ ቀን አቆጣጠር እንዲያወሩ በሩን የከፈተው ኤዲቲንጉ ራሱ ነው።

ቁጥር 6፦ ከሁሉም ያቆመኝ ይሄ ነው። ጸሐፊው ኤዲተር ነው። ስለ አንድ የመንደር ማኅበር የተሠራ ፊልም ላይ ይሠራ ነበር፣ ሊቀመንበሩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ካዝና ውስጥ ስንት ብር ቀረ ተብለው ሲጠየቁ ሳያመነቱ በደንብ መልሰዋል። ዳይሬክተሩ ግን ቦታው ላይ ሳቅ ፈለገ። ሥራውን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ቃለ መጠይቅ ሲያልቅ ድምፅ ቀጂው የክፍሉን ባዶ ድምፅ ይቀዳል፣ ለ30 ሰከንድ ሁሉም ጸጥ ይላል፣ ካሜራው አንዳንዴ አይጠፋም። ሰውየው ዝም በሉ ስለተባሉ ዝም ብለዋል፣ ጣራውን ያያሉ፣ ዓይናቸውን ያርገበግባሉ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሻሻሉ። ኤዲተሩ ያንን ፊት አምጥቶ ከገንዘቡ ጥያቄ ቀጥሎ ሰካው፣ መልሱን ቆረጠው። የካዝናውን ነገር የማያውቁ ወይም የሚደብቁ ሊቀመንበር ሆኑ። ፊልሙ ሲታይ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ ሰውየው ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበር፣ መጀመሪያ አብረው ሳቁ። ሲወጡ ኤዲተሩን ጠጋ ብለው የጠየቁት አንድ ነገር ነው፣ መቼ ነው ጠይቃችሁኝ መልስ ያጣሁት ብለው።

ይሄን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ውሸቱ ያለው ዝምታው ውስጥ ነው፣ ዝምታ ደግሞ ጽሑፍ ላይ ስለማይሰፍር ማንም አጣሪ አያገኘውም።

ቁጥር 7፦ ኤዲተሩ ላይ ወረደበት። ታዲያ ለምን አልቀበልም አላልክም፣ ደሞዝህን ከተቀበልክ በኋላ አሁን መጥተህ ማዘን ምን ይጠቅማል የሚል ነው። ቃሉ ከረረ፣ የሚመስለኝ ግን የተናደደው ለሽማግሌው ብሎ ነው።

ቁጥር 8፦ ወደ ድሮ መለሰን። የስፔኑ ዳይሬክተር ሉዊስ ቡኑዌል በ1933 ስለ ላስ ኡርዴስ፣ የስፔን ድሃ ተራራማ ቦታ፣ የሠራው አጭር ፊልም አለ። ተራኪው እንደ ጂኦግራፊ አስተማሪ በቀዘቀዘ ድምፅ አስከፊ አስከፊውን ይደረድራል፣ ስላቁ ያለው ድምፁና ሥዕሉ አለመጣጣማቸው ላይ ነው። አንድ ቦታ ላይ እዚህ አገር የፍየል ሥጋ የሚበላው ፍየል ከገደል ሲወድቅ ብቻ ነው ይባልና ፍየል ስትወድቅ ይታያል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ ከጥጉ የጠመንጃ ጭስ ብቅ ይላል፣ ፍየሏን ተኩሰው ነው የጣሏት። 8 ቁጥር እንደሚለው ያ ጭስ ለተመልካቹ የተተወ ምልክት ነው፣ አትመነኝ እያለ ነው፣ ፊልሙ የሚሳለቀው ድሆቹ ላይ ሳይሆን ድህነት ሊጎበኙ የሚሄዱ ፊልሞች ላይ ነው።

ይሄ አነባበብ ያምራል፣ ፊልም ትምህርት ቤቶችም ያስተምሩታል፣ እኔም ፊልሙን እንደ ሥራ አከብረዋለሁ። ግን የላስ ኡርዴስ ሰዎች ምን አሉ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስማቸው ከዛ ፊልም ጋር ተጣብቆ ቀረ፣ ከልጅ ልጅ የቆየ ቅሬታ አላቸው። ፊልሙን በጊዜው የስፔን ሪፐብሊክ መንግሥት ከልክሎታል፣ የመንግሥት ክልከላው ለዳይሬክተሩ ክብር ሆነለት፣ የነዋሪዎቹ ቅሬታ ግን ለማንም ምንም አልሆነም። ጭሱን የሚያይ ተመልካች ስንት ነው? ላላየው ሰው እነዛ ሰዎች እንደተባሉት ናቸው።

ቁጥር 9፦ ጥሩ ምሳሌ ይዞ መጣ፣ ሳይዋሹ የማሳቅ። ዘ አቶሚክ ካፌ (1982) ተራኪ የለውም፣ አንድም አዲስ ቀረጻ የለውም፣ የአሜሪካ መንግሥትና ሠራዊት ስለ አቶሚክ ቦምብ የሠሯቸውን ፊልሞች፣ ዜናዎችና የሬዲዮ ድምፆች ብቻ ነው የሚገጣጥመው። ቦምብ ሲወድቅ ጠረጴዛ ስር ግቡ እያለ ልጆችን የሚያስተምረው የካርቱን ኤሊ እዛ ውስጥ አለ። ሳቁ የሚያርፈው ያንን ፊልም ባሠራው መሥሪያ ቤት ላይ ነው፣ ጠረጴዛ ስር የገባው ሕፃን ላይ አይደለም። አንድ ነገር ልጨምርበት፣ እዛው ፊልም ውስጥ የቢኪኒ ደሴት ሰዎች ለቦምብ ሙከራ ከአገራቸው ሲነሱ ደስ ብሏቸው እንደሚሄዱ አድርጎ የሚያወራ የዚያን ጊዜ ዜና አለ። እዛ ላይ ስትደርሱ መሳቃችሁ ያስደነግጣችኋል። ስላቅ በደንብ ሲሠራ እንደዚህ ነው፣ ሳቁን ከሰውየው ላይ አንስቶ ስለ ሰውየው የዋሸው ላይ ያስቀምጠዋል።

ቁጥር 10፦ ኤዲተሩ (6) ተመልሶ ለ7 መለሰ። ያኔ ገና ሥራ የጀመረበት ነበር፣ ቢቀበልም ባይቀበልም ሌላ ሰው ይሰካው ነበር፣ ቢሆንም ሰበብ ማቅረብ አልፈልግም፣ የጻፍኩት ዘዴው እንዲታወቅ ነው ብሏል። 7 በኋላ ላይክ አድርጎለታል፣ ቃል ግን አልጨመረም።

ቁጥር 11፦ ዘ የስ ሜንን አነሳች፣ የኩባንያ ሰው መስለው እየቀረቡ ኩባንያዎች ላይ የሚያሾፉ ቡድን ናቸው። ታሪኩን ለማታውቁ፦ ታኅሣሥ 3፣ 2004፣ ሕንድ ውስጥ ሺዎች የሞቱበት የቦፓል ጋዝ አደጋ 20ኛ ዓመት፣ ቢቢሲ ወርልድ ላይ የዳው ኬሚካል ቃል አቀባይ ነኝ ያለ ሰው ቀረበ፣ ኩባንያው ሙሉ ኃላፊነቱን ይወስዳል፣ ለተጎጂዎች 12 ቢሊዮን ዶላር ይከፍላል አለ። ሰውየው ከየስ ሜን አንዱ ነው፣ ቢቢሲ ያገኛቸው እነሱ በሠሩት የውሸት ዌብሳይት በኩል ነበር። ነገሩ ውሸት መሆኑ እስኪታወቅ የዳው አክሲዮን ፍራንክፈርት ላይ ወርዶ ሁለት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠፋ፣ በኋላ ተመለሰ። ከዛ ይሄ ሁሉ የ2009 ዶክመንተሪያቸው ውስጥ ገባ። 11 ቁጥር ይሄ የስላቅ ጫፍ ነው ትላለች፣ ኩባንያው ማስተባበያ ሲያወጣ ምንም አንከፍልም ብሎ በገዛ አፉ መናገር ነበረበት፣ ዜናው ያንን ሳይወድ በግዱ ዘገበ።

ቁጥር 12፦ ይሄኛው በጣም ተቆጥቶ ነው የጻፈው። 20 ዓመት የታመመ ሰው ገንዘቡ ሊመጣልህ ነው ተብሎ ለጥቂት ሰዓት ማመኑን እንደ ዋጋ የቆጠረው ማነው? ኩባንያ ለማሳፈር ተጎጂን ማስለቀስ ከመቼ ወዲህ ጀግንነት ሆነ? 11ን በስም ጠርቶ ልብ የለሽም እስከማለት ደርሷል፣ ይሄ ከመጠን ያለፈ ነው።

ቁጥር 13፦ አስታራቂ ሆኖ ገባ፣ ከዛ በላይ ደግሞ መረጃ አመጣ። ያኔ የቦፓሉ ፋብሪካ ዋና ባለድርሻ ከነበረው ከዩኒየን ካርባይድ የተገኘው ካሳ በ1989 የተስማሙበት 470 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ነበር፣ ዳው ኩባንያውን የገዛው በ2001 ነው፣ ቁጣው ከዚህ ነው የሚነሳው። ፊልም ሠሪዎቹም በኋላ ቦፓል ድረስ ሄደው ተጎጂዎቹን ፊት ለፊት አግኝተዋል፣ ፊልሙ ውስጥም አለ፣ እዛ የሚናገሩት ሰዎች የወቀሱት ኩባንያውን እንጂ እነሱን አይደለም። 12 ይሄን አልተቀበለም፣ ካሜራ ይዞ የመጣን ሰው ማን ይሰድባል ይላል።

እኔ እዚህ ላይ ከ12 ጋር ነኝ፣ ቃሉ ባይጥመኝም። ሄደው ማየታቸው ክብር ነው። ግን የሄዱት ከሆነ በኋላ ነው። ከተጎጂዎቹ ማኅበራት ጋር አስቀድመው ቢማከሩ ኖሮ ሐሳቡ ላይከሽፍ ይችል ነበር፣ እንደውም ማስተባበያው ሲወጣ አብሮ የሚናገር የተዘጋጀ የተጎጂ ድምፅ ይኖር ነበር።

ቁጥር 14፦ ከርዕስ ወጣ። የውሸት ዜና ከተነሳ አይቀር ብሎ ቢቢሲ ሚያዝያ 1፣ 1957 ፓኖራማ በሚባለው ቁም ነገረኛ ፕሮግራሙ ስዊዘርላንድ ውስጥ ስፓጌቲ ከዛፍ ሲለቀም ያሳየበትን የሦስት ደቂቃ ሪፖርት አነሳ። ሪቻርድ ዲምብልቢ በዛ በተከበረ ድምፁ ተረከው፣ ተመልካች ስልክ ደውሎ ዛፉ እንዴት እንደሚተከል ጠየቀ።

ቁጥር 15፦ 14 ላይ ተንጠልጥሎ አሁን በኤአይ ማንንም ያላለውን ማስባል ስለሚቻል የአፕሪል ዘ ፉል ቀልድ ቢቀር ይሻላል ወደሚል ሄደ፣ ከዛ ስለ ስልክ ሶፍትዌር ማውራት ጀመረ።

ቁጥር 16፦ ሁለቱንም ሌላ ርዕስ ክፈቱ ብሎ ቆጣ አለ። እኔ ግን 14ን አልጥለውም። ያ ቀልድ የሠራው በማን ድምፅ ነው? ሰው ለዓመታት ባመነው ድምፅ። ዶክመንተሪ ውስጥ የሚቀልድ ሁሉ የሚከፍለው ከዚያ እምነት እየቀነሰ ነው፣ ያውም ብዙ ሰው ያጠራቀመውን።

ቁጥር 17፦ ጥናት ይዞ መጣ፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ስላቅ ሰው ይለውጣል የምንለውን የሚያናጋ ነው። በ1974 የወጣ ጥናት ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ በሚለው የቲቪ ኮሜዲ ላይ ዘረኝነትን እንዲያሳፍር የተፈጠረውን አርቺ በንከርን፣ ጭፍን ጥላቻ ያለባቸው ተመልካቾች እንደሚወዱትና ክርክሩንም እሱ እንደሚያሸንፍ እንደሚያዩት አገኘ። በ2009 ደግሞ በአሜሪካዊው የቲቪ ቀልደኛ ስቴፈን ኮልበርት ላይ ተሠራ፣ ሰውየው ወግ አጥባቂ አስመስሎ ነበር የሚቀልደው፣ ግራ ዘመሙም ቀኝ ዘመሙም እኩል ሳቀ፣ ወግ አጥባቂዎቹ ግን ቀልዱ ለይምሰል ነው፣ ሰውየው የሚለውን ከልቡ ያምንበታል ወደማለት አዘነበሉ። ስለዚህ ሰሙን ይዞ ወርቁን የሚተው ሁሌም አለ፣ አንዳንዱ ወርቁ የሱ ወገን እንደሆነ አድርጎ ነው የሚሰማው። ይሄ የ8ን የጭስ ክርክር ይመታል። ምልክት ትቻለሁ ማለት ብቻውን አያድንም።

ቁጥር 18፦ ፈርመዋል እኮ፣ ለአካለ መጠን የደረሱ ሰዎች ናቸው፣ ያላነበቡት የራሳቸው ጥፋት ነው። ምሳሌው ቦራት (2006) ነበር።

ቁጥር 19፦ በዛው ምሳሌ መለሰችለት፣ በቁጣ። ቦራት ዶክመንተሪ መስሎ የተሠራ ኮሜዲ ነው፣ ካዛክስታን ያለ የቦራት መንደር ተብሎ የታየው ግን ሩማንያ ውስጥ ግሎድ የምትባል ድሃ መንደር ናት። ነዋሪዎቹ ስለ ችግራችን ዶክመንተሪ ሊሠሩልን ነው ብለው ነበር የገቡበት፣ ፊልሙ ላይ ግን አስገድዶ ደፋሪና ሴተኛ አዳሪ ተብለው ወጡ። 30 ሚሊዮን ዶላር ብለው አሜሪካ ፍርድ ቤት ከሰሱ፣ አልተሳካላቸውም። በማታውቀው ቋንቋ ፊልም ውስጥ ምን እንደምትባል ሳታውቅ የፈረምከው ወረቀት ፈቃድ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። 18 መለሰ፣ እሷም መለሰች፣ ሁለቱ እርስ በርስ የተባባሉትን ዘልዬዋለሁ፣ ስድብ ነው።

ቁጥር 20፦ ሕግ የተማረ ሰው ይመስላል፣ ረጋ ብሎ ነው የጻፈው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 በሀስትለር መጽሔትና መጽሔቱ ባላገጠበት ሰባኪ በጄሪ ፋልዌል ጉዳይ ላይ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ የሕዝብ ሰው ላይ የሚሠራ ስላቅ ቢያሳምምም የተጠበቀ ነው ብለዋል። እንዲህ ያለ ጥበቃ ከሌለ ኃይለኞች ላይ የሚስቅ አይኖርም። ግን ውሳኔው ስለ ሕዝብ ሰው ነው፣ የመንደር ጥንቸል ሻጭ የሕዝብ ሰው አይደለችም። ሕጉ አይከለክልህም ማለት ደግሞ አድርገው ማለት አይደለም። ከዚህ በላይ ማለት አልችልም፣ እስማማለሁ።

ቁጥር 21፦ መፍትሔው ሠሪው ራሱ ላይ መሳቅ ነው አለ፣ ሞርጋን ስፐርሎክን ጠቅሶ። ሱፐር ሳይዝ ሚ (2004) ላይ 30 ቀን ማክዶናልድስ ብቻ በልቶ ሲወፍርና ሲታመም የሚሳቅበት እሱው ነው፣ ማንም አልተበደለም። ወዲያው ከስሩ አንድ ሰው ስፐርሎክ በ2017 ለ30 ዓመት ከአንድ ሳምንት በላይ ከመጠጥ ርቆ እንደማያውቅ መጻፉን አስታወሰው፣ ፊልሙ ላይ ግን ለሐኪም አልጠጣም ብሎ ነው የታየው። ጉበቱ ላይ የታየው ነገር ታዲያ ከምግቡ ነው ከመጠጡ? ራስ ላይ መቀለድ ሰው እንዲወድህ ያደርጋል፣ የወደዱትን ሰው ደግሞ ማንም አይመረምርም።

ቁጥር 22፦ ጥሩ አድርጋ ያረጋጋችን እሷ ናት። ኪርስተን ጆንሰን በ2020 ስለ አባቷ የሠራችውን ዶክመንተሪ አነሳች። አባትየው የመርሳት ሕመም ይዟቸዋል፣ ልጅቷ ሞታቸውን በተለያየ መንገድ ታቀናብራለች፣ ዕቃ ይወድቅባቸዋል፣ ደረጃ ይጥላቸዋል፣ ከዛ ተነስተው ይስቃሉ። አባትየው ቀልዱ ውስጥ አሉ፣ ሐሳቡ ሲነገራቸውም ስቀው ነው የተቀበሉት። ግን ፈቃድ የሰጠው ሰው እየተለወጠ ሲሄድ ፈቃዱ እስከ መቼ ይሠራል? 22 እንደምትለው ፊልሙን ንጹሕ የሚያደርገው ልጅቷ ጥያቄውን አለመደበቋ ነው። እኔ ከዚህ የወሰድኩት፣ ፈቃድ መጀመሪያ ቀን ተፈርሞ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፣ ቀረጻው ባለበት ሁሉ እንደገና የሚጠየቅ ነው።

ቁጥር 23፦ ተግባራዊ ሐሳብ አመጣ። ፊልሙ ሳይዘጋ ሰውየውን ጠርቶ ያለበትን ክፍል ማሳየት። ከነሙዚቃው ከነመቆራረጡ ይሁን አለ፣ ጥሬው ቀረጻ ከታየ ዋጋ የለውም። ምሳሌው ከባድ ነው፣ ዘ አክት ኦፍ ኪሊንግ (2012)፣ ኢንዶኔዥያ በ1965 እና 66 ስለተገደሉት ከግማሽ ሚሊዮን ያላነሱ ሰዎች፣ ገዳዮቹ ራሳቸው ሥራቸውን እየተወኑ። አንዋር ኮንጎ ሰው በሽቦ እንዴት ያንቅ እንደነበር ጣራ ላይ ሆኖ ያሳያል፣ በኋላ ያንን ቀረጻ ቤቱ ቁጭ ብሎ በቲቪ ያየዋል። የመጀመሪያ ቅሬታው ሱሪው ነጭ መሆኑ ነው፣ ለሽርሽር የሄድኩ አስመሰለኝ፣ ያኔ ነጭ አልለብስም ነበር የሚል። አዳራሹ ይስቅና ሳቁ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ያንን ያገኙት ሰውየውን አታልለው ሳይሆን አሳይተውት ነው። ማሳየት ስላቁን ይገድለዋል የሚሉ ሁሉ ይሄን ይዩ።

ቁጥር 24፦ ጋዜጠኛ ነኝ ብሎ አጥብቆ ተቃወመ። ለባለሥልጣን ሳይወጣ ካሳየኸው በማግስቱ ጠበቃ ይዞ ይመጣል፣ ወይ ስልክ ተደውሎ ፊልሙ ይቀራል። ልክ ነው። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው የለየሁት። በሕዝብ ገንዘብ ወይም በሕዝብ ሥልጣን ላይ ለሚቀመጥ ሰው ክሱን ነግሮ መልስ እንዲሰጥ ዕድል መስጠት ይበቃል፣ ተቆርጦ ያለቀውን ፊልም ማየት መብቱ አይደለም። መድረክ ለሌለው ሰው ግን ማሳየት ግዴታ ይሁን፣ አይሆንም ካለ ትዕይንቱ ይውጣ። ሳቁ ጥሩ ስለሆነ ያሳዝናል፣ ይውጣ ግን።

ቁጥር 25፦ ትናንት ማታ የገባ ነው፣ እስካሁን ማንም ያላነሳውን አነሳ። ሰውየው ሙሉውን ፊልም አይቶ ተስማማ እንበል፣ በ90 ደቂቃ ውስጥ ሰው ሆኖ ነው የሚታየው፣ ይሳቅበታል፣ ይከበራልም። ከዛ የማስታወቂያ ክፍሉ የሳቁን 20 ሰከንድ ብቻ ቆርጦ ቲክቶክ ላይ ይለጥፈዋል፣ ሚሊዮን ሰው የሚያየው እሱን ነው፣ ፊልሙን የሚያየው ጥቂት ሺህ። ፈቃዱ የተሰጠው ለየትኛው ነው?

ቁጥር 26፦ ትሬለር ቆራጭ ነች፣ ለ25 መልስ ሰጠች። እሷ ጋ የሚደርሰው የተዘጋው ፊልም ብቻ ነው፣ ከሰውየው ጋር ምን ቃል እንደተገባ የሚነግራት የለም፣ የምታገኘው ትእዛዝ በጣም የሚያስቀውን አምጪ የሚል ነው። ወረቀት ላይ ይሄን ሰው ለብቻው አትቁረጡ የሚል ቢኖር ታከብረው እንደነበር ጽፋለች።

እንግዲህ ይሄ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። ፊልሙ ለማስታወቂያና ለሶሻል ሚዲያ ሰዎች ሲሰጥ ለነማን ምን ቃል እንደተገባ፣ የትኞቹ ትዕይንቶች ከፊልሙ ውጪ ለብቻቸው እንደማይወጡ የሚናገር አንድ ገጽ አብሮ ይሂድ። ፕሮዳክሽን ውስጥ ያላችሁ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት አዘጋጅታችሁ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ እዚሁ ስር ለጥፉት፣ የሰዎቹን ስም አጥፍታችሁ።